ከዘጠኝ፣ ከዘጠኝ፣ የመጨረሻው ከአሥር

ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ ባለችው ቤቴ የሰፈር ልጆችን ሒሳብ አስጠናለሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሥራዬ ካዛንቺስ ውስጥ የሒሳብ መዝገብ መያዝ ነበር፤ ዴቢትና ክሬዲት ሲያስታርቅ የኖረ ሰው ቁጥር ሳያይ ውሎ ማደር አይሆንለትም። ልጆቻቸውን ይዘው የሚመጡ ወላጆች ድሮ የሚጠይቁኝ «ለሚኒስትሪ ያደርሱልኛል?» ብለው ነበር። አሁን ስልካቸውን ያወጡና አንድ የህንድ ሕፃን ትልልቅ ቁጥሮችን ዓይኑን ጨፍኖ ሲያባዛ ያሳዩኛል። «እትዬ፣ ይቺን ቬዲክ ማትስ የሚሏትን ያስተምሩልኛል?»

አስተምራለሁ። ግን መጀመሪያ አስቀምጬ ስለ ነገሩ አጫውታቸዋለሁ፤ የሦስት ሺህ ዓመት ምሥጢር ሊገዙ መጥተው ሌላ ነገር ይዘው እንዲሄዱ አልፈልግም።

በመጀመሪያ ብልሃቷን እንያት። 97 ሲባዛ በ96 ስንት ነው? ሁለቱም መቶ ሊሞሉ ጥቂት ቀርቷቸዋል፤ 97 የሚጎድለው 3፣ 96 ደግሞ 4 ነው። ከ97 ላይ የሌላውን ጉድለት፣ 4ን፣ ቀንሱ፤ 93 ይሆናል። ከዚያ ጉድለቶቹን እርስ በርስ አባዙ፤ 3 ጊዜ 4፣ 12። ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው 9,312 ይመጣል። አለቀ። ወረቀትም እርሳስም አላስፈለገም።

ይህን ያየ ልጅ ዓይኑ ይበራል፤ እኔም ደስ ይለኛል። ወዲያው ግን 98 በ97 አባዛ እለዋለሁ። ጉድለቶቹ 2 እና 3 ናቸው፤ 95 ይልና 6 ጨምሮ «956!» ብሎ ይጮኻል። መቶ የሚጠጋ ቁጥር በመቶ የሚጠጋ ቁጥር ተባዝቶ እንዴት ሺህ እንኳ ሳይሞላ ይቀራል? መልሱ 9,506 ነው፤ 6ቱ የሁለት አኃዝ ቦታ መያዝ ነበረበት። ቀጥዬ 88 በ87 እሰጠዋለሁ። ጉድለቶቹ 12 እና 13፣ ብዜታቸው 156 ነው። አሁን ደግሞ ሁለት ቦታ ላይ ሦስት አኃዝ አልገባም አለ። 1ዱ ወደ ግራ ተሻግሮ 75ን 76 ያደርገዋል፤ 7,656። ብልሃቷን ብቻ የሸመደደው ልጅ እዚህ ላይ ይቆማል። ለምን እንደምትሠራ የገባው ይሻገራል።

ለምን ትሠራለች? ምክንያቱ አንድ መስመር ነው። 97ን 96 ጊዜ መውሰድ ማለት መቶ ጊዜ ወስዶ አራት ጊዜ መመለስ ነው። መቶ ጊዜው 9,700 ነው። አራት ጊዜው ደግሞ አራት መቶ ሊሆን 12 የቀረው ነው፤ እያንዳንዱ 97 ሦስት ሦስት ስለሚጎድለው። ስለዚህ ከ9,700 ላይ 400 አንስተን በትርፍ ያነሳነውን 12 እንመልሳለን። 93 መቶና 12። ምሥጢር የሚባለው ይኸው ነው፤ ከዚህ በላይ የተደበቀ ነገር የለበትም።

ህንዶቹ ለዚህች ብልሃት በሳንስክሪት አጭር አባባል አላቸው፤ ሱትራ ይሉታል። በአማርኛ ሲመለስ «ሁሉንም ከዘጠኝ፣ የመጨረሻውን ከአሥር» ይላል። ጉድለትን ቶሎ ማግኛ ነው። ከ1,000 ብር ላይ 357 ብር ቢወጣ ስንት ይቀራል? 3 ለዘጠኝ 6፣ 5 ለዘጠኝ 4፣ 7 ለአሥር 3። 643 ብር። ከጎረቤት መበደር የለ፣ ዜሮውን ሰርዞ በላዩ ዘጠኝ መጻፍ የለ። የሦስተኛ ክፍል ልጅ ከመቀነስ ጋር የሚጣላው በዚያ ብድር ነውና፣ ከሱትራዎቹ ሁሉ ይህችን አስቀድማለሁ።

ካዛንቺስ ቶታል አካባቢ ሱቅ የነበረው ደንበኛዬ ሱትራ ሰምቶ አያውቅም። የ137 ብር ዕቃ ገዝቼ 200 ብር ስሰጠው ግን መቀነስ የሚባል ነገር ውስጥ አይገባም ነበር። 3 ብር መዳፌ ላይ ያስቀምጥና «መቶ አርባ» ይላል። አሥርና ሃምሳ ይደርብና «ሁለት መቶ» ይላል። 63 ብር መልሶልኛል፤ «ስልሳ ሦስት» የሚለው ቁጥር ግን ከአፉ አልወጣም። ጉድለቱን ሞልቶ ወጣ። የታክሲ ረዳቱም ከበሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ አንዱ ለሦስት ሰው ከፍሎ፣ ሌላው መሃል መንገድ ላይ ሊወርድ እየጮኸ፣ የሁሉንም መልስ በጭንቅላቱ ይዞ የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው። ከእነዚህ ልጆች አንዱን ትምህርት ቤት ሳለ ሒሳብ እንዴት ነበርክ ብትሉት «ሒሳብማ አይገባኝም ነበር» ሊላችሁ ይችላል። እኔን ሁልጊዜ የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው።

ሌላዋን ብልሃት የተማርኳት በልጅነቴ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአገራችን ትምህርት ቤቶች ከህንድ የመጡ መምህራን ብዙ ነበሩ፤ ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሩን በአብዛኛው እነሱ ናቸው። የእኛዋ የሳሪዋ ጫፍ ሁልጊዜ ጠመኔ የነካው ሴት ነበረች። አንድ ቀን 35 በ35 ስንት ነው አለችና እኛ ደብተር ስንገልጥ 1,225 ብላ ጻፈች። 3ን ከሱ ቀጥሎ ባለው በ4 ታባዣለሽ፣ 12 ይሆናል፤ ከኋላው 25 ትቀጥያለሽ። 65 በ65 ከሆነ 6 ጊዜ 7፣ 42፤ ስለዚህ 4,225። በ5 ለሚያልቅ ቁጥር ሁሉ ይሠራል።

እኔ ያን ቀን የወደድኩት ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ነው። ከጋዜጣ ላይ አራት ማዕዘን ቆረጠች፤ በአንድ ጎን 35፣ በሌላው ጎን 35 ነው አለችን። ከታች በኩል 5 ስፋት ያለው ጥብጣብ ቆርጣ አነሳች። ከጥብጣቡ ጫፍ ደግሞ 5 በ5 የሆነች ትንሽ ካሬ ቀነጠሰች። የቀረውን፣ ርዝመቱ 30 የሆነውን፣ አቁማ ከትልቁ ወረቀት ጎን ለጠፈችው። ትልቁ ወረቀት አሁን 30 በ40 ሆነ፤ 1,200። ትንሿ ካሬ በእጇ ቀረች፤ 25። ከዚያ ወዲህ ይህን ነገር ልረሳው ብል እንኳ አልችልም፤ የቁጥሩን ቅርፅ አይቼዋለሁና። ቬዲክ የሚል ቃል ግን ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

ባይወጣም አይደንቅም፤ በዚያን ጊዜ ስሙ ገና አልገነነም። «ቬዲክ ማቴማቲክስ» የተባለው መጽሐፍ በህንድ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ደራሲው ባራቲ ክሪሽና ቲርታ በ1884 ተወልደው በ1960 ያረፉ፣ በፑሪ ከተማ የሚገኝ ትልቅ የሂንዱ ገዳም አለቃ የነበሩ ሊቅ ናቸው። ሒሳብም ሳንስክሪትም የተማሩ ሰው ነበሩ። 16 ሱትራዎችን አስቀምጠው፣ ያገኘኋቸው ከጥንታዊው መጽሐፍ ከአታርቫ ቬዳ ተቀጽላ ነው አሉ። መጽሐፉን እሳቸው ታትሞ አላዩትም።

ክርክሩ የተነሳው በሕይወት ሳሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 ኬ. ኤስ. ሹክላ የሚባሉ የህንድ የሒሳብ ታሪክ ምሁር የታተመውን የአታርቫ ቬዳ ተቀጽላ ይዘው ሄዱና «ሱትራዎቹን ከዚህ ላይ ያሳዩኝ» ብለው ጠየቁ። ባራቲ ክሪሽና በታተመው ውስጥ አይገኙም፣ ያሉት በእኔ ዘንድ ባለው ብቻ ነው ብለው መለሱ። ከዚያ ወዲህም ያንን ቅጂ ያየ የለም። ኋላ ላይ በሙምባዩ የታታ የምርምር ተቋም የነበሩት የሒሳብ ሊቅ ኤስ. ጂ. ዳኒ ነገሩን በጽሑፍ መርምረው፣ የሱትራዎቹ ቋንቋም ይዘትም የቬዳ ዘመን አይደለም አሉ። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ከሱትራዎቹ አንዷ «ቀጥታና መስቀልያ» ትላለች፤ 23 በ41ን በአንድ መስመር ታወጣለች። 3 ጊዜ 1፣ 3። በመስቀል 2 ጊዜ 1 እና 3 ጊዜ 4፣ ሲደመር 14፤ 4 ጽፎ 1 መያዝ። 2 ጊዜ 4፣ 8፣ ከተያዘው ጋር 9። መልሱ 943። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ትምህርት ቤት የምንማረው ማባዛት መስመሮቹ ተጨምቀው ነው እንጂ ሌላ ጥበብ አይደለም።

የሚያሳዝነው፣ ህንድ እንዲህ ያለ ተረት የሚያስፈልጋት አገር አለመሆኗ ነው። መሠዊያቸውን በልክ ለመሥራት የተጻፉት የሹልባ ሱትራዎች ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበሩና የፓይታጎረስን ሕግ የያዙ እውነተኛ መጻሕፍት ናቸው። አርያባታ እ.ኤ.አ. በ499 ጽፏል። ብራህማጉፕታ በ628 ዜሮን እንደ ቁጥር ቆጥሮ መደመሪያና መቀነሻ ሕግ አወጣለት። ባስካራ በ1150 ሊላቫቲ የተባለውን የሒሳብ መጽሐፍ አዘጋጀ። ዛሬ ቂርቆስ ገበያ ላይ ዋጋ የምንጽፍበት ከ0 እስከ 9 ያለው አኃዝና እያንዳንዱ በቦታው ዋጋ የሚያገኝበት ሥርዓት ከእነሱ ወጥቶ፣ በባግዳድ በኩል አልፎ፣ ለዓለም የተዳረሰ ነው። ይህን ያበረከተ ሕዝብ ለ97 በ96 የዕድሜ የምስክር ወረቀት አያስፈልገውም።

ዘጠኝን ካነሳን አይቀር፣ ከመሥሪያ ቤት ሕይወቴ አንድ ነገር ልጨምር። የወሩ መጨረሻ ላይ ትራያል ባላንሱ አልገጥም ይላል። ዴቢቱና ክሬዲቱ በ27 ብር ይለያያሉ እንበል። ወጣት ሠራተኞቹ መዝገቡን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው ሊመረምሩ ይነሳሉ። የቆየ ሒሳብ ሠራተኛ ግን ልዩነቱን በ9 ያካፍላል። ያለ ቀሪ ከተካፈለ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የአኃዝ መገላበጥ ነው፤ አንዱ 74ን 47 ብሎ ጽፏል። 5,400ን 4,500 ቢልም ልዩነቱ 900 ነው፤ እሱም በ9 ይካፈላል። ምክንያቱም አንድ አኃዝ ከአንድ ቤት ወደ አሥር ቤት ሲዛወር ዋጋው ከአንድ ወደ አሥር ስለሚዘል፣ የተጨመረው ሁልጊዜ የ9 ብዜት ነው። በዚህ ዘዴ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሊያስመሸን የነበረ ሥራ ከመግሪብ በፊት ተጠናቆ ወደ ቤት የገባንበት ቀን ብዙ ነው። ይህንንም ማንም ቬዲክ አላለውም።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት ልግባ፤ ወላጆቹን ከሁሉ ይልቅ ማጫወት የምፈልገው ይኼን ነው።

የግእዝ አኃዝ ዜሮ የለውም። ከአንድ እስከ ዘጠኝ፣ ከአሥር እስከ ዘጠና፣ መቶና እልፍ ለየራሳቸው ምልክት አላቸው፤ የቦታ ዋጋ የለም። ፲፯ን በ፴፬ አባዙ ብባል አኃዞቹን ከላይና ከታች ደርድሮ ማባዛት አይሆንም። ታዲያ ሰው እንዴት ያሰላ ነበር? በውጭ አገር የሒሳብ መጻሕፍት ውስጥ «የኢትዮጵያ ማባዣ» ተብሎ የሚታወቅ መንገድ አለ፤ ማጋመስና ማጠፍ ብቻ የሚጠይቅ። በግራ 17ን እያጋመስን፣ ትርፍራፊውን እየጣልን እንወርዳለን፤ 17፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1። በቀኝ 34ን እያጠፍን እንወርዳለን፤ 34፣ 68፣ 136፣ 272፣ 544። ከዚያ በግራ ጎዶሎ ቁጥር ካለበት ረድፍ የቀኙን ብቻ እንወስዳለን። ጎዶሎዎቹ 17 እና 1 ናቸው፤ ስለዚህ 34 እና 544። ድምሩ 578። የማባዣ ሠንጠረዥ መሸምደድ አላስፈለገም፤ ጠጠር መደርደር የሚችል ሰው ይበቃዋል።

ስሙ የእኛ ብቻ ነው ብዬ አልሟገትም። የጥንት ግብጾች በማጠፍ ያባዙ እንደነበር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ የተጻፈው የሪንድ ፓፒረስ ያሳያል፤ ይህንኑ ስሌት «የሩሲያ ገበሬ ማባዣ» የሚሉትም አሉ። ለልጆቹ የምነግራቸው ሌላ ነው፤ 17 ማለት 16 እና 1 ነው፤ ስለዚህ 34ን 16 ጊዜና አንድ ጊዜ ወሰድን ማለት ነው። ማንኛውንም ቁጥር 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 እያሉ በሚታጠፉ ቁጥሮች መገንባት ይቻላል። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ የሚያሰላው በዚሁ መሠረት ላይ ቆሞ ነው።

ከዚህም የሚበልጠው የበዓላትና የአጽዋማት ማውጫው ባሕረ ሐሳብ ነው። አባቴ የቅኔ ቤት ሰው ነበሩ፤ ከጎጃም መጥተው እዚህ ቂርቆስ ኖሩ። ዕንቁጣጣሽ ሲቃረብ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ካላንደር አይጠብቁም። የጣቶቻቸውን አንጓ እየነኩ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ የዓመቱን ፋሲካ ያወጡት ነበር። መስከረም 1 ቀን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በዓላቱና አጽዋማቱ ሲታወጁ አባቴ ፈገግ ይሉ ነበር፤ ቁጥሩ ገጥሞላቸዋል።

እስቲ የያዝነውን የ2018ን ዓመት አብረን እናውጣው። ከክርስቶስ በፊት ያለውን 5,500 ዘመን ደምሩበት፤ ዓመተ ዓለሙ 7,518 ነው። ለ4 ስናካፍለው 1,879 ደርሶ 2 ይቀራል። 1 ቢቀር ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ቢካፈል ዮሐንስ ነው፤ ስለዚህ ዘመኑ ማርቆስ ነው። የደረሰውን 1,879፣ መጠነ ራብዒት የሚሉትን፣ ከ7,518 ጋር ደምሩና በ7 ግደፉ፤ አካፍላችሁ ቀሪውን ብቻ ያዙ ማለት ነው። 9,397 በ7 ተገድፎ 3 ይቀራል። 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ እያለ ይሄዳል፤ መስከረም 1 ሐሙስ ዋለ። ያለፈውን ዕንቁጣጣሽ አስታውሱ፤ ሐሙስ ነበር።

ቀጥሎ 7,518ን በ19 ግደፉ፤ 13 ይቀራል። አንዱን ስንቀንስ 12፤ ይህ ወንበር ይባላል። ወንበሩን በ11 አባዝታችሁ በ30 ግደፉ፤ 132 በ30 ተገድፎ 12 ይቀራል፤ አበቅቴ ነው። ወንበሩን በ19 አባዝታችሁ በ30 ግደፉ፤ 228 ተገድፎ 18 ይቀራል፤ መጥቅዕ ነው። አባቴ ግን ይህን ሁለተኛውን ማባዛት ሲሠሩ አይቼ አላውቅም። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 ናቸውና፣ 12 ለ30 የሚጎድለው 18 ነው ብለው ያልፉ ነበር። ልብ በሉ፤ የህንዱ ሱትራም፣ የካዛንቺሱ ባለሱቅም፣ የአባቴም ጣት እዚህ ላይ ተገናኙ፤ ሦስቱም የሚፈልጉት የሚጎድለውን ነው።

መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል። 18 ነውና መስከረም 18 ነው። መስከረም 1 ሐሙስ ከሆነ 15ም ሐሙስ ነው፤ 18 እሑድ። እያንዳንዱ ዕለት ተውሳክ የሚሉት የሚደመር ቁጥር አለው፤ ቅዳሜ 8፣ እሑድ 7፣ ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 4፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 2። 18 እና 7፣ 25። መባጃ ሐመር ይሉታል። የመጥቅዕ ወር መስከረም ስለሆነ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ገባ። መባጃ ሐመሩ ላይ 14 ብንደምር 39፣ 30ውን ስንጥል 9፤ ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ገባ። 9 ብንደምር 34፣ 30ውን ስንጥል 4፤ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ቀን። ካላንደራችሁን አውጡና አመሳክሩ።

ልጆቼ እዚህ ሲደርሱ «ለምን?» ማለት ይጀምራሉ፤ እኔም የምጠብቀው ይህን ነው። 11 ለምን? ጨረቃ 12 ጊዜ ስትሞላና ስትጎድል 354 ቀን ገደማ ይሆናል፤ የፀሐይ ዓመት 365 ነው፤ ልዩነቱ 11። 19 ለምን? 19 የፀሐይ ዓመት ከ235 የጨረቃ ወር ጋር ይገጥማል፤ ከዚያ በኋላ ጨረቃና ቀኑ እንደገና አብረው ይጀምራሉ። የዕለቱ ተውሳክስ ከቅዳሜ 8 ተነስቶ ዓርብ ላይ 2 እስኪደርስ ለምን እየቀነሰ ይሄዳል? ከመስከረም እስከ ጥር አራት የሠላሳ ቀን ወሮች አሉ፤ 120 ቀን፤ ይህም 17 ሳምንትና 1 ቀን ነው። መጥቅዕ እሑድ ከዋለ ከ120 ቀን በኋላ ሰኞ ነው፤ 7 ብንጨምር ያው ሰኞ። ቅዳሜ ከዋለ ከ120 ቀን በኋላ እሑድ ይሆናል፤ 8 ስንጨምር ሰኞ። ነነዌ ሁልጊዜ ሰኞ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው። የሰባተኛ ክፍል ልጅ ይህን ራሱ ሲያገኘው የቀሪ ሒሳብ ገባው ማለት ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሞዱላር የሚሉት ምዕራፍ ላይ ሲደርስ የሚያውቀው ሰው ያገኛል።

ሥርዓቱ የተጠቀሰው በእስክንድርያው ፓትርያርክ በድሜጥሮስ ስም ነው፤ በ2ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ3ኛው መጀመሪያ የነበሩ አባት ናቸው። ይህን ቀመር የጠበቀው ቤተ ክርስቲያን ነው። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ባሕረ ሐሳብ በሚል ርእስ በአማርኛ መጽሐፍ ጽፈውበታል። የባቢሎንን የሥነ ፈለክ ስሌት ለዓለም የተረጎመው ታላቁ የሒሳብ ታሪክ ሊቅ ኦቶ ኖይገባወር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1979 በቪየና ስለ ኢትዮጵያ የሥነ ፈለክና የዘመን ቀመር አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳትሟል። የእኛ ልጅ ግን 12ኛ ክፍል ሲጨርስ አንድም የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ ይህን ሳያይ ይወጣል። ክርስቲያን የሆነው ቤተ ክርስቲያን ይሰማው ይሆናል፤ ሙስሊሙ ጎረቤቱ ደግሞ የጨረቃውን ወር አቆጣጠር ቤቱ ያውቀዋል፤ የ354ና የ365ቱን ልዩነት ሁለቱ ልጆች አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው ቢነጋገሩበት እንዴት ያለ ትምህርት በወጣው።

ውጤታችንን ሁላችን እናውቃለን። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ይህን ሱትራ አይፈውሰውም። በየሰፈሩ የሚከፈተው የአባከስና የፈጣን ስሌት ማሠልጠኛም ብቻውን አይፈውሰውም። ፍጥነት ጥሩ ነው፤ ልጅ ቁጥርን እንዳይፈራ ያደርገዋል፤ መልሱ 956 ሊሆን እንደማይችል በግምት እንዲያውቅ ያደርገዋል። ለዚህ ስል ቬዲክ የሚሏትን በደስታ አስተምራለሁ። ያለ ምክንያቷ የተማረ ልጅ ግን ቁጥሩ ትንሽ ሲጠምምበት እጁን ይሰጣል፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። በጥንታዊነቷ ተደንቆ የሚማራት ደግሞ ዛሬ በህንድ፣ ነገ በእኛ ጥንት ይኮራል እንጂ አንድ ቁጥር አያወጣም።

በ2017 የካዛንቺስ ሰፈር ሲፈርስ ተማሪዎቼ ተበታተኑ። አንዳንዶቹ አሁን ከከተማው ዳር ሆነው በስልክ ይደውሉልኛል፤ «ቲቸር፣ እስቲ አንድ ቁጥር ስጪኝ» ይላሉ። እሰጣለሁ። መልሱን ሲነግሩኝ ግን ወዲያው «እንዴት አወቅክ?» እላለሁ፤ የሚከፈለኝም ለዚህች ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ።

ወላጆችና መምህራን ሆይ፣ ቪዲዮውን ለልጁ ማሳየታችሁን አልቃወምም፤ ከዚያ በኋላ ግን ወረቀትና መቀስ ስጡት፤ 35 በ35ን ይቁረጥ። ከዚያ የሚቀጥለውን የ2019ን ዓመት ፋሲካ አብራችሁት አውጡ። ዓመተ ዓለሙ 7,519 ነው፤ ወንጌላዊው ሉቃስ፣ መጥቅዑ 7 ስለሆነ በጥቅምት ይውላል፣ ነነዌም ወደ የካቲት ይሻገራል። በትክክል ከሄዳችሁ ፋሲካ እሑድ ሚያዝያ 24 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው።